ጭሱ ያጋለጠው ሟች፦ የውጅግራ ዝክር

ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ምግባሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭሱን ሳያነሱ መቅበር ግን አይቻልም። ጥቁር ባሩድ ስለሚበላ ቃታው በተሳበ ቁጥር ነጭ ደመና ይተፋል። ተኳሹ መምታት አለመምታቱን ለማወቅ ነፋስ ይጠብቃል፤ ጠላት ግን ተኳሹ ከየትኛው ቁጥቋጦ ሥር እንዳለ ለማወቅ ማንንም አይጠብቅም።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ሌቤል ስትታጠቅ ሟች በክብር ተሰናብቶ ለሩቅ አገር ተሸጠ። የአሮጌ ጠመንጃ ገበያ ያኔ ደርቶ ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ አሮጌ ጠመንጃ ሸጦ፣ በዋጋው እያማረረ፣ የዛሬውን ምዕራብ ሐረርጌ የኢቱን አገር አቋርጦ ሐረር ገብቷል።

ሟች የሚመሰገንበት ቀን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዓድዋ ላይ ጭሱ ከእልፍ አፈሙዝ ሲወጣ ማንን እንደሚያጋልጥ ለራሱም ጠፋበት። በልጅነታቸው እዚያ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት ተማሩ፤ ኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ቆረቆሩ።

በሌላው ዓለም ጠመንጃ ዓይን አወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ባለ መነጽር የአደን ጠመንጃ ምሽግ ውስጥ አስገቡ። በሁለተኛው ሶቪየቶች 3.5 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር በሞሲን ላይ ገጠሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ድራጉኖቭ 4 ጊዜ የሚያጎላውን ይዞ መጣ። የአልሞ ተኳሽ ጥበብ አይቶ አለመታየት ነው። ሟች ሳያይ የሚታይ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ውጅግራ ገና ከገበሬው ትከሻ አልወረደም፤ በጨርጨር ተራሮች የሸፈቱ አርበኞችም የተገኘውን ሁሉ አነሱ። አውሮፕላንና መትረየስ ለያዘ ጠላት ያ ነጭ ደመና ከመንገድ መሪ አላነሰም። እዚህ ላይ ፌዙ ይቆማል፤ ከዚያ ጭስ ሥር ስንት ሰው ቀርቷል። ጭስ አልባ ባሩድ ከተገኘ 50 ዓመት ካለፈ በኋላ አሮጌውን ሸጦ ደህናውን የከለከለው ማን እንደሆነ ስሙ ባይጠራም ራሱን ያውቃል።

ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ የሶቪየት መሣሪያ በገፍ ሲገባ የሟችን ቦታ ክላሽ ወረሰ። ክላሽ 30 ጥይት ይጎርሳል፤ ይጨሳል ቢባል እንኳ የሟችን ሲሶ አያህልም።