የወጨጫ ተራራ የአንድ ቀን ጉዞ፦ የዝግጅቱ ባሕርይና ሥርዓት

የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ በበጋ ወራት አዲስ አበባ ውስጥ የሚጀመርና አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የሚያልቅ ክንውን ነው። ተራራ መውጣት ከክፍሎቹ አንዱ ሲሆን ግዴታ ግን አይደለም።

ከተማዋ ለዚህ ክንውን የታደለች ናት፤ በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምዕራብ ወጨጫ ይከቧታል። እዚህ የሚታየው ወጨጫ ነው። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ፣ ሰማዩ ሲጠራ ከፎቆች ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ፣ ማንም ሰው ቡናውን ይዞ በመስኮት እያየው «ይቺማ ምን አላት!» ማለት ይችላል። ዕቅዱ የሚወለደው ከዚህ አባባል ነው፤ ተናጋሪውም በዚያው ቅጽበት አስተባባሪ ሆኖ ይሾማል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም።

ቀጥሎ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። በግሩፑ ስም ላይ የሚደረገው ውይይት በመንገዱ ላይ ከሚደረገው ይረዝማል። አባላቱ በመልሳቸው ይለያሉ። «አለሁ» የሚል አለ፤ አውራ ጣት ልኮ የሚጠፋ አለ፤ ብዙኃኑ ግን «እንደ ሁኔታው» ባዮች ናቸው። እንደ ሁኔታው ያለ ሰው ለሚኒባስ ኪራይ መዋጮ ሲታሰብ እንደ ግማሽ፣ ለምሳ ሲታሰብ እንደ አንድ ተኩል ሰው ይቆጠራል።

ቀን መቁረጥ የባሕረ ሐሳብ ዕውቀት ይጠይቃል። ቅዳሜ ግማሹ ሥራ ይገባል፤ እሑድ ቅዳሴ፣ ማኅበር፣ ዕቁብና ለቅሶ አለ። ጥር በሰርግ ይያዛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርጉ ይቆምና እሑዶቹ ነፃ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ «በጾም ጉልበት ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጾሙ ሲፈታ ሰው ሁሉ ሥጋ ላይ ነው። ከዚያ ግንቦት እንዴት እንዳለፈ ሳይታወቅ ሰኔ ይገባል፤ ዝናቡም ጉዳዩን ለመስከረም ያስተላልፈዋል።

ከዚህ ሁሉ የተረፈ እሑድ ከተገኘ ነገሩ ወደ ስንቅ ይሻገራል። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመሸከም ቀላል፣ የማይበላሹና ጉልበት የሚሰጡ በመሆናቸው የአገሩ መንገደኛ ሲተማመንባቸው ኖሯል፤ በዚህ ጉዞ ግን ማንም አይዛቸውም። የሚመጣው በፌስታል የተቋጠረ ፍርፍር ነው። ቋጠሮው ተራራው ላይ ሳይሆን ቦርሳው ውስጥ ይፈታል፤ ዘይቱም መጀመሪያ የሚያገኘው ትርፍ ልብሱን ነው። ውሃ በነፍስ ወከፍ ቢያንስ 2 ሊትር ያስፈልጋል። 2 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ይመዝናልና እያንዳንዱ ተጓዥ ሌላው እንደሚይዝ እርግጠኛ ነው። ጀበና ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። በደረቅ ወራት ጥድ ሥር እሳት ማንደድ ደን እንደሚያቃጥል ሲነገረው በፔርሙዝ ይስማማል፤ ረከቦቱን ግን አይመልስም።

ሽቅብ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ ጃኬት ይያዛል። ጫማን በተመለከተ ሳይንስ ያልደፈረው አዲስ ነጭ ስኒከር አለ።

ሰዓቱ በቀመር ይሠራል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ደንብ መሠረት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ደንቡ ከቤት እስከ ሚኒባሱ ያለውን መንገድ አያካትትም። ቀጠሮው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይም ገና አልወጣችም፤ ከአባላቱ የበለጠ መጠበቅ ግፍ ነው። በ1 ሰዓት አስተባባሪው ሲደውል «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል መልስ ከሻወር ድምፅ ጋር ይሰማል።

በሰበታ በኩል የሚገባው መንገድ በወጨጫ ተዳፋት ላይ ወዳለው መናገሻ ሱባ ደን ያደርሳል። ደኑ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ከታች ጥድና ዝግባ፣ ከፍ ሲባል አስታ ይገኛል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ላይ ሆነው ተጓዡን ይጎበኛሉ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ «ከፍታው ነው» የሚል ምክንያት ይቀርባል፤ አቅራቢው ዕድሜውን ሁሉ ከ2,000 ሜትር በላይ የኖረ ስለሆነ ውድቅ ይደረጋል።

ጫፍ ላይ ፎቶ ይነሣል። ያለ ፎቶ መውረድ እንዳልወጡ ያስቆጥራል። ለፎቶው የሚወስደው ጊዜ በኔይስሚዝ ደንብ ስላልተመለከተ በአስተባባሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። በዚህ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ስለዚህ 9 ሰዓት ሲሆን የትም ቢደረስ ፊትን ወደ ታች ማዞር ነው፤ ይህን ሰዓት በድምፅ ብልጫ ማራዘም አይቻልም።