«ግልጽ ነው»

ጥፋቴን ልናዘዝ። ሒሳብ ሳስተምር 11 ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ሰሌዳ ላይ አብዝቼ የጻፍኩት ቁጥር አይደለም፣ «ግልጽ ነው» የሚለውን ነው። ማረጋገጫው ሲያቅተኝ የምሸሸግበት ጓዳ ነው።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ዝግ ስብስቦችና ርቀት ነበር። ስብስቡ ዝግ ከሆነና ባዶ ካልሆነ፣ ከውጭ ለቆመ ለማንኛውም ነጥብ ከሁሉ የሚቀርብ አባል እንዳለው አስረዳሁ። እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ። ቀጥዬ «ቅርቡም አንድ ብቻ ነው፤ ግልጽ ነው» አልኩ። እንዲያውም ለወጉ ያህል አረጋገጥኩ፦ ሁለት ቢሆኑ በመስመር እናገናኛቸው፤ የመስመሩ አጋማሽ ከሁለቱም ይቀርባል፤ ተቃርኖ! ጠመኔዬን አራግፌ ዞርኩ።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ክብ መሀል ብቆምስ?»

የክብ ዙሪያ ዝግ ስብስብ ነው። መሀሉ ለቆመ ሰው የዙሪያው ነጥቦች በሙሉ እኩል ይርቃሉ፤ ቅርቡ አንድ ቀርቶ ስፍር ቁጥር የለውም። ያ የምኮራበት አጋማሽስ? እሱማ ከነጭራሹ ስብስቡ ውስጥ የለም። አጋማሹን የሚያስገባው ዝግ መሆን አይደለም፤ ኮንቬክስ መሆን ነው፣ ማለትም ሁለት አባላትን የሚያገናኝ መስመር ከስብስቡ አለመውጣቱ። ይህችን አንዲት ቃል ለመጨመር 11 ዓመት አልበቃኝም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቻለሁ ይል ነበር። እኔ ራዴማኸርን ጠራሁ። «በእርግጥ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «የርቀት ፋንክሽን ሊፕሺትዝ ነው። ራዴማኸር በ1919 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቲዎረም መሠረት ዲፈረንሺየብል የማይሆንባቸው ነጥቦች መጠናቸው ዜሮ ነው፤ ከስብስቡ ውጭ ዲፈረንሺየብል በሆነበት ሁሉ ደግሞ ቅርቡ አንድ ብቻ ነው። በዘፈቀደ የተጣለ ነጥብ ቅርቡ ከአንድ በላይ የሆነበት ቦታ የማረፍ ዕድሉ ዜሮ ነው።» ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ልጅቷ ግን በዘፈቀደ አልጣለችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ መሀሉ ላይ ቆመች።

«እሺ፣ ለሁሉም ነጥብ ቅርቡ አንድ ከሆነ፣ ስብስቡ የግድ ኮንቬክስ ነው?»

«በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» አልኩ። ሁለተኛዋ ጓዳዬ ናት።

ሌሊቱን ሳነብ አድሬ መጣሁ፦ አዎ፣ ዳይሜንሽኑ ውሱን ከሆነ ነው፤ ቡንት በ1934፣ ሞትዝኪን ደግሞ ለጠለሉ በ1935 አሳይተዋል። ገና ሳልቀመጥ «ዳይሜንሽኑ ማለቂያ በሌለው ሂልበርት ስፔስስ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ማንም አያውቅም፤ እስካሁን ያልተፈታ ጥያቄ ነው። በሕይወቴ ካላወቅኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ያኮራኝ የለም።