አንበሳ ተንቆ ዝልግልግ ሲነግሥ

ዓርማም እኮ ደረጃ አለው! ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ አንበሳ ግቢ ውስጥ፣ እውነተኛ አንበሳ ሲያገሣ እየሰማን ነው ያደግነው። የልጅ ልጄ ግን ሳንታ ክሩዝ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ደረቷ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ዓርማ፣ ቢጫ ቀንድ አውጣ ያጋደመ ቲሸርት ለብሳ መጣች።

ቀንድ አውጣ እንኳ ዛጎል ሲኖረው ባለቤት ነው፤ ይኼኛው ዝልግልግ ግን ቤት አልባ ነው። ባናና ስለግ ይሉታል፣ የበሰለ ሙዝ ስለሚመስል። እስከ 25 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ግቢው ባለበት የሬድዉድ ጫካ ውስጥ እየተንፏቀቀ የረገፈ ቅጠል፣ እንጉዳይና የአውሬ ኩስ ይበላል። ወንድም ነው፣ ሴትም ነው፤ በዚህ ጉዳይ አስተያየት አልሰጥም። ልሃጩን የላሰ ሰው ምላሱ ይደነዝዛል አሉ። ለመሆኑ መጀመሪያ ማን ላሰው? ወላጆቹስ የት ሄደው ነው?

«አባባ፣ ቁም ነገር አለው እኮ፤ ይስሙኝማ» አለችኝ። ሰማኋት፣ ምን አደርጋለሁ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲከፈት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ በኳስ ፉክክር ያብድ ነበር፤ አንዱ ነብር፣ አንዱ ድብ እያለ ይፎክራል። የሳንታ ክሩዝ ተማሪዎች በዚህ ሊቀልዱ፣ ከደጃፋቸው ዝግተኛውን፣ አጥንት አልባውን፣ ማንንም የማይነካውን መረጡ። በዚያ ዘመን ኤ፣ ቢ የሚባል ውጤት እንኳ እንደሌላው አይሰጥም ነበር፤ መምህሩ ስለ ተማሪው ሐተታ ይጽፋል። ቀይ እስክሪብቶ ሲያይ ጉልበቱ የሚከዳው የእኛ ትውልድ ይህን ሲሰማ ምን ይበል?

አንድ ወገን ግን አግኝቻለሁ፤ ሮበርት ሲንሻይመር ይባላል፣ የግቢው ቻንስለር ነበር። ሰውዬው የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። በ1985 ሳይንቲስቶችን እዚያው ሳንታ ክሩዝ ሰብስቦ፣ የሰውን ዘረመል ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይቻል እንደሆነ ያመካከረ ሰው! እሱም እንደ እኔ ዝልግልጉን አልወደደም። በ1980 ግቢው በአገር አቀፉ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ሦስተኛ ዲቪዚዮን ውድድር ሲጀምር፣ ዓርማው የባሕር አንበሳ እንዲሆን ተወሰነ። የባሕርም ቢሆን አንበሳ አንበሳ ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳው መሐል ላይ ሳይቀር አሣሉት። ተማሪው በባሕሩ አንበሳ ላይ ቆሞ ለቀንድ አውጣው ይጮኻል! በ1986 ድምፅ ሲሰጥ ዝልግልጉ 15 ለ1 አሸነፈ፣ ሊቁም እጁን ሰጠ። የሰውን ዘረመል ያልፈራ፣ በዝልግልግ ተረታ። በ2024 ደግሞ ካሊፎርኒያ በሕግ ከግዛቱ ዓርማዎች አንዱ አድርጋ ሾመችው። ሹመት እንዲህ ረከሰ።

ልጅቷ አሁንም አልለቀቀችኝም። ጆን ትራቮልታ በ1994ቱ «ፐልፕ ፊክሽን» ፊልም ላይ የእነሱን ቲሸርት ለብሷል ብላ ትኩራራብኛለች። አሳየችኝ፤ አየሁት። ወዶ የለበሰው መሰላት እንዴ? የራሱ ልብስ በደም ተጨማልቆ፣ ቅያሪ አጥቶ፣ ከሰው ቤት ያገኘውን ነው ያጠለቀው!