የረዥም አፈሙዝ ውዳሴ

በተጨመቀ አየር የቀለም ኳስ እየተኮሱ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ፔይንትቦል ይሉታል፣ የደረሱበት ጥበብ ሊመሰገን ይገባዋል። ዒላማ የሳተ ሰው እጁን አይመረምርም፤ ረዘም ያለ አፈሙዝ ይገዛል። ደግሞ ከሳተ ከዚያም የረዘመ ይገዛል። እንዲህ ያለ የማያልቅ ተስፋ የሚሸጥ ሌላ ብረት የለም።

እንግዲህ ርዝመት ከጠቀመ በስንዝር መቆጠብ ምን ይሉታል? አፈሙዙን ከደብረ ታቦር አንስተን፣ በጋይንት አድርገን፣ በሺሎን አሻግረን መቅደላ እናድርሰው። ጫፉ ባላጋራው ደረት ላይ ካረፈ መሳት ከየት ይመጣል? እርግጥ የጋይንት ገበሬ እርሻው መሀል ሲደርስ በሬዎቹን ፈትቶ በላዩ ያሻግራል። ሙሽራ የጫነች በቅሎ በሥሩ አጎንብሳ ታልፋለች። ድንበር የተካሰሱ ጎረቤታሞች ሽማግሌ ፊት «ከአፈሙዙ ወዲህ፣ ከአፈሙዙ ወዲያ» እያሉ ይሟገታሉ። ክረምት ሲገባ ውኃ እንዳይቋጥር፣ በጋ ሲሆን ወፍ ጎጆ እንዳይሠራበት የሚጠብቅ ቋሚ ኮሚቴ ይዋቀራል። ኳሱ ዋድላ ላይ ከቆመም አፈላላጊ ቡድን ይላካል፤ አበል አለው። ተኳሹ እስከዚያ ቡናውን ይጠጣል። ዋጋው የሚያሳስበው ካለ፣ እሱ ጨዋታ አይወድም።

መሣሪያን በመጠኑ ማድነቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሴባስቶፖል የተባለው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲነሳ ሁሉም ክብደቱን ያውቃል፤ 70 ኩንታል ገደማ። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን ባለሙያዎች መሠራቱን፣ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ገደል እያስቆረጡ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በወራት ጉተታ መቅደላ ማድረሳቸውን ይተርክላችኋል። ምን መታ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሊወጋ በመጣ ጊዜ፣ ሚያዝያ 3 ቀን በአጠገቧ ካለው ከፋላ አፋፍ የተተኮሱት መድፎች እንግሊዞቹን በአናታቸው አልፈው ሄዱ፤ አንዱ ትልቅ መድፍም ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። ከሥሩ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የቆመው የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ግን ስናይደር የተባለ ጠመንጃ ነበር፤ አንድ ሰው የሚሸከመው፣ ከኋላው የሚጎርስ፣ ጥይቱ ለአፈሙዙ ልክ የተበጀ። ከንጉሡ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ።

ሴባስቶፖል ምሽግ ለመናድ እንጂ ነጥብ ለመምታት አልተሠራም የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ መሣሪያ የሚመዘነው በተሠራለት ሥራ ነውና፣ የምለውም ይህንኑ ነው። የባሩድ ጠመንጃ ረዥም አፈሙዝ ያሻዋል የሚለውም አልተሳሳተም። ባሩድ እየነደደ ጥይቱን ይገፋልና ጊዜ ይፈልጋል። የተጨመቀ አየር ግን ኃይሉን ቶሎ ይጨርሳል። አፈሙዙ ከ20 ወይም ከ30 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ፍጥነቱ ያን ያህል አይጨምርም፤ ሲበዛ እንዲያውም ሰበቃው ኳሱን ይይዘዋል። ድምፁ ዝቅ ይል ይሆናል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። የሚወስነው የኳሱ ልክ ነው። ስሙ 17.3 ሚሊ ሜትር ይባል እንጂ ሽፋኑ ጄላቲን ስለሆነ በእርጥበት ያብጣል፣ ቅርጹም ይዛባል። የተዛባ ኳስ በየትኛውም አፈሙዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በርዝመት ብቻ አፈሙዝ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሱቅ ስትገቡ ሜትሩን ተዉትና ኳሱን ይዛችሁ ግቡ። ከኋላ በኩል አፈሙዙ ውስጥ ክተቱት። በራሱ ተንሸራቶ ከወደቀ ሰፊ ነው፤ እፍ ስትሉት ካልወጣ ጠባብ ነው። ሳይወድቅ ቆሞ በትንፋሽ ከወጣ፣ ያንን ግዙ።