ማሽኑ ይግባ፣ ጥናቱ ይደርሳል

ለፋብሪካ ኃላፊዎች የምሥራች አለኝ፤ ቅድመ ጥናት ቀርቷል። መሐንዲስ ለወራት ንድፍ ላይ ተደፍቶ የሚከርምበት፣ ስንት ሞተር፣ ስንት ሴንሰር፣ ስንት ኪሎዋት እያለ የሚቆጥርበት፣ ሠራተኛውን «እስቲ ይህን ሥራ አሳየኝ» እያለ የሚያደርቅበት ዘመን አበቃ። ያ የፈሪ ልማድ ነበር። ደፋር ሰው አስቀድሞ የምርቃቱን ቀን ይቆርጣል፤ ቀጥሎ የክብር እንግዳውን ይጋብዛል፤ ከዚያ ማሽኑን ያዝዛል። ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ሲደርስ ይታያል።

«ይህ መንገድ የት ተሞክሮ ያውቃል?» ለሚል ተጠራጣሪ መልሱ ዝግጁ ነው፤ አሜሪካ፣ ዴንቨር። ከተማዋ አዲሱን አውሮፕላን ማረፊያ መገንባት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በመላው ማረፊያ ሻንጣን ያለ ሰው እጅ፣ በሐዲድ ላይ በሚሄዱ ጋሪዎች የሚያመላልስ ሥርዓት የታሰበው ግን ሕንፃው መቆም ከጀመረ በኋላ ነው። መክፈቻው ለኦክቶበር 1993 ተቆርጧል። ለጨረታው ከቀረቡት ሦስት ኩባንያዎች አንዱም ለተባለው ቀን የሚያደርስ ሆኖ አልተገኘም። ሰነፍ ከተማ ቢሆን ኖሮ ቀኑን በገፋ ነበር። ዴንቨር ግን ሦስቱንም ጥላ ሌላ ኩባንያ ጠርታ በኤፕሪል 1992 ተዋዋለች። ሐዲዱ የሚያልፍበት መተላለፊያ አስቀድሞ ተወስኖ ስለነበር ጋሪዎቹ በተገኘው ጥበት መታጠፍ ነበረባቸው። ሕንፃ ለማሽን ሲባል አይሰፋማ! ማሽኑ ይጥበብ እንጂ።

በዚያው ዘመን ጀርመን ሙኒክ ውስጥ ፈሪዎች ነበሩ። ከዴንቨሩ እጅግ የቀለለ የሻንጣ ሥርዓት ተክለው ሁለት ዓመት ሲፈትሹት ቆዩ፤ ማረፊያው ከመከፈቱ በፊትም ስድስት ወር ሌት ተቀን አንቀሳቀሱት። ለዴንቨር ሰዎችም ይህንኑ ነገሯቸው። ምክራቸው በአክብሮት ተሰምቶ ተረሳ።

ውጤቱን በ1994 ጋዜጠኞች ተጋብዘው በዓይናቸው አዩ። ጋሪዎቹ ተላተሙ፣ ሻንጣዎቹ ተቀደዱ፣ የመንገደኛ ልብስ ሐዲዱ ላይ ተበተነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲሉ አባቶቻችን ዴንቨርን አይተው መሆን አለበት። ማረፊያው 16 ወር ዘግይቶ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1995 ተከፈተ። የመዘግየቱ ወጪ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ሥርዓቱ የሠራው ለአንድ አየር መንገድ ብቻ ነበር፤ በ2005 ደግሞ ጭራሽ ተዘግቶ ሻንጣ ወደ ሰው እጅ ተመለሰ። ለጥናት ሊባክን የነበረው ጊዜ እንዲህ ተቆጠበ።

ይህ የአሮጌ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ ኢሎን መስክን ይጠይቅ። የእሱ የመኪና ኩባንያ ቴስላ፣ ሞዴል 3 የተባለውን መኪና ለማምረት የዘረጋው የተወሳሰበ የኮንቬየር መረብ አልሠራ ብሎ ተነቅሎ ወጣ። መስክም በኤፕሪል 2018 ከልክ ያለፈ አውቶሜሽን የራሱ ስህተት እንደነበር፣ የሰው ልጅም ተገቢው ግምት እንዳልተሰጠው ጻፈ። እንግዲህ የዓለም ሀብታም የሄደበትን መንገድ እኛ ምን ብለን እንተወዋለን?

ደግሞም በየፋብሪካችን አልተውነውም። ኮንቴይነሩ ግቢ ሲደርስ ማሽኑ በበሩ አይገባም፤ ግድግዳ ይፈርሳል። ሲገባ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል የመቆጣጠሪያ ፓኔሉ ይቃጠላል፤ ስታቢላይዘር የሚባል ነገር በግዢ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረማ። ኮምፕረሰሩ የሚሰጠው አየር ከሚፈለገው በታች ይሆናል። የማሸጊያ ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ከረጢት ነው፤ የእኛ ከረጢት ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ መጠኑ ይለያያል። ይህን ሃያ ዓመት ከረጢት ሲሰፉ የኖሩት ጋሼ ያውቁት ነበር፤ ግን እሳቸውን ማን ጠየቃቸው? እሳቸው ኢንጂነር አይደሉም። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ የፒኤልሲው፣ ፓስወርድ ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ጋ ቀርቷል። መለዋወጫው የውጭ ምንዛሬ ወረፋ ላይ ነው። ፋብሪካው ግን ተመርቋል፤ ሪባኑ ተቆርጧል፤ ፎቶው ቢሮ ውስጥ ተሰቅሏል።

ስለዚህ በቅድሚያ ሊጠየቁ የማይገባቸውን ጥያቄዎች እነሆ እላለሁ። ችግራችን በእውነት ማሽን የሚፈታው ነው ወይስ የአሠራር? በሰዓት ስንት ምርት እንፈልጋለን? መብራት ሲሄድ ማሽኑ የት ላይ ይቆማል፣ ሲመጣስ ከየት ይቀጥላል? አሮጌውና አዲሱ ማሽን በምን ይነጋገራሉ? ማሽኑ ከመጫኑ በፊት ሻጩ አገር ሄዶ የሚፈትሸው ማን ነው? ከተተከለ በኋላስ የሚጠግነው? እነዚህ ጥያቄዎች አደገኛ ናቸው። ወረቀት ላይ ሳሉ መልሳቸው አንድ እርሳስና አንድ ላጲስ ብቻ ይፈጃል፤ ይህን ያህል ርካሽ ነገር ደግሞ በጀት አያስጸድቅም። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ሲጠየቁ ግን ሰባሪ ማሽን፣ ተጨማሪ ውል፣ የውጭ ባለሙያ ትኬትና አበል ይዘው ይመጣሉ። ኢኮኖሚው የሚንቀሳቀሰው እንዲህ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት መልካም ነው፤ ችግሩ ቅጠሉን ለያዘ ሰው ማንም አያጨበጭብም። ያልተቃጠለ ፓኔል ዜና አይሆንም፤ ያልፈረሰ ግድግዳ ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ጥናቱን የሠራው መሐንዲስ «ሥራ አጓተተ» ይባላል፤ እሳቱን ያጠፋው ግን ጀግና ተብሎ ይሸለማል። ክብሪቱን የለኮሰው ማን እንደሆነ በሽልማቱ ቀን አይነሣም።

ጥናት ጨርሶ ይቀራል ብለው የሰጉ ደግሞ ይረጋጉ። ጥናቱ ይካሄዳል፤ ርዕሱ ብቻ ነው የሚለወጠው። «የፕሮጀክቱ የአዋጭነት ጥናት» መባሉ ቀርቶ «የፕሮጀክቱ መዘግየት መንስኤዎች ጥናት» ይባላል። አማካሪው ያው ነው፤ ክፍያው ግን እጥፍ።