ቤቷ ስንት ታወጣለች? ለማን?

የአዲስ አበባ ቤት ጨዋ ናት፤ እንግዳዋን አይታ ትለብሳለች። የባንክ መሐንዲስ ሲመጣ ቪላ፣ የክፍለ ከተማ ገማች ሲመጣ ደሳሳ ጎጆ፣ ገዢ ሲመጣ ደግሞ «አስፋልት ዳር፣ ካርታዋ ንጹሕ» ትሆናለች። ይህን ችሎታዋን ማድነቅ ሲገባ ማጭበርበር ነው የሚሉ ደረቆች አሉ። ምቀኝነት ነው።

የሳሎኑን ስንጥቅ ብቻ እንይ። ከኮርኒሱ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ይወርዳል። ባለቤቱ ቤታቸውን አስይዘው ሊበደሩ በተነሡ ሰሞን ቁምሳጥኑ ተገፍቶ ስንጥቁ ላይ ይቆማል፤ አጥሩ ቀለም ይቀባል፤ ጀበናው ይጣዳል። መሐንዲሱ ሜትሩን ሲዘረጋ «ልጄ፣ ይሄ የዱሮ ብረት ነው፤ የዛሬው እንዳይመስልህ» ይባላል። ያቺው ቤት ተሽጣ ስሟ ሊዞር ሲል ቁምሳጥኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ገማቹ ገና ጫማውን ሳይጠርግ በክንዱ ተይዞ ስንጥቁ ፊት ይቆማል። «አየህ ልጄ፣ ክረምት ሲገባ ባልዲ ደርድረን ነው የምናድረው።» ቡናው ግን በዚህም ቀን አይቀርም። ከቡናው ጋር ሌላም የሚቀርብ ነገር አለ ይላሉ፣ ምላሰ ረጃጅሞች።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ ጥበብ አይጨክንም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው፤ ማገሩ፣ በሩ፣ ቆርቆሮው። ቦሌ ያለች ጭቃ ቤት በብዙ ሚሊዮን ብር የምትሸጠው እንግዲህ ጭቃዋ የተለየ ስለሆነ መሆን አለበት። ገዢውም ያን ሁሉ ብር ከፍሎ፣ በወሩ ኤክስካቫተር ጠርቶ የሚያፈርሳት ፍቅሩ ቢጸናበት ነው። ደላላውስ «ካሬው ስንት?» የሚለው ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ ጭቃው ነዋ!

ከዚያ ወደ ውሉ እንመጣለን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አስተዋዮቹ ተዋዋዮች ሕጉን አክብረው፣ አብዝተው አክብረው፣ ሁለት ይጽፋሉ፦ አንዱን ለውልና ማስረጃ፣ አንዱን ለጉያ። 20 ሚሊዮን የተከፈለባት ቤት መዝገቡ ላይ 5 ሚሊዮን ትሆናለች። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነዋ፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ፣ ግብሩ የሚመለከተው ቤት ከሆነ፣ ከሽያጩ ትርፍ ላይ 15 በመቶ አለ። ሻጩ ገዢውን «ለአንተም ይቀንስልሃል» ይሉታል። ገዢው ያመሰግናል።

ያመሰገነው ሰው በተራው ቤቱን በ22 ሚሊዮን ይሸጣል እንበል። አዲሱ ገዢ በባንክ ብድር ስለሚገዛ ዋጋው እንዳለ ይጻፋል። ሰውየው ያተረፈው 2 ሚሊዮን ነው፤ ወረቀቱ ግን 17 ሚሊዮን አትርፈሃል ይለዋል። በደፈናው ሲሰላ የ17 ሚሊዮን 15 በመቶ 2 ሚሊዮን 550 ሺህ ብር ነው። ከትርፉ በላይ ግብር መክፈል የሚችል ዜጋ በሌላ አገር አይገኝም። የመጀመሪያው ሻጭ ያመለጡትን ግብር በትሕትና ተሸክሞላቸዋል። ገቢዎች ቢሮ በመጀመሪያው ሽያጭ ላይ የራሱን ግምት አውጥቶ ግብሩን በዚያ ልክ ጥሎ ከሆነ ደግሞ ያኔ የተደበቀችው ብር ራሷ በከንቱ ነው የተደበቀችው።

በ2017 ዓ.ም. የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን የሚመለከት አዋጅ ጸድቋል። ቁምሳጥኑ ግን ገና ሥራ አልፈታም።

ሻጮችን አልመክርም፤ እነሱ አዋቂዎች ናቸው። እርስዎ ግን ገዢ ከሆኑ የከፈሉትን ልክ ውሉ ላይ ያስጽፉ። ነገ ሽያጩ ቢፈርስና ብሩ ይመለስ ቢባል ዳኛው አስቀድመው የሚያነቡት የተመዘገበውን ነው፤ እዚያ ላይ ያለው 5 ሚሊዮን ብቻ ነው።