ውዳሴ ለዱላ አሰነዛዘር

በዚህ ኃላፊ ዓለም ከሚታዩት የትዕግሥትና የተጋድሎ ምሳሌዎች መካከል፥ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የጎልፍ መለማመጃ ሜዳዎች ላይ ቅርጫት ሙሉ ኳስ ከአጠገቡ አስቀምጦ፥ ድራይቨር የሚሉትን ረጅም ዱላ ከነግህ እስከ ሠርክ ወደ ባዶ ሜዳ ሲሰነዝር የሚውለውን ሰው የሚያህል አይገኝም። ይህ መናኝ ወገቡን እንዴት እንደሚያዞር፥ ግራ ክንዱን ምን ያህል እንደሚዘረጋ ከመምህሩ በክፍያ ተቀብሎ፥ ሁኔታውን በተንቀሳቃሽ ሥዕል አስነሥቶ፥ ሥዕሉን እያዘገየ በመመርመር ኃጢአቱን ከትከሻው ወደ ክርኑ፥ ከክርኑ ወደ ጉልበቱ ሲያሳድድ ዘመኑን ይፈጽማል።

ተቺዎቹ ግን አያርፉም። እነርሱ እንደሚሉት የዚህ ጨዋታ ፍጻሜ ኳሱን በተቻለ መጠን በጥቂት ምት 18 ጉድጓዶች ውስጥ በተራ ከትቶ መውጣት ብቻ ነው። የሜዳው ሊቃውንት ፓር ብለው 72 ምት ሲመድቡም 36ቱን፥ ማለት ለየጉድጓዱ ሁለት ሁለቱን፥ በተላገው ሣር ላይ ፓተር በሚባለው አጭር ዱላ እንዲመታ አስበው ነው። አየሩን ሰንጥቆ 250 ሜትር የተጓዘው ግርማዊ ምትና ከጉድጓዱ አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው በፍርሃት የተነካው ምት፥ ጌታና ሎሌ ሳይለይ፥ በመዝገቡ ላይ እኩል አንድ አንድ ተብለው ይጻፋሉ። የጉድጓዱም አፍ ስፋት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 በስኮትላንዷ ከተማ በሴንት አንድሩስ 108 ሚሊሜትር ተብሎ ከተወሰነ ወዲህ የማንም ዕንባ አላሰፋውም። መዓርግ የማያውቅ እንዲህ ያለ ሕግ በሠለጠነ ሕዝብ መካከል እስከ ዛሬ ጸንቶ መኖሩ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ከሁሉ የከፋ ማሰናከያ የሆነው ደግሞ ጂም ፊዩሪክ የተባለው አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው ዱላውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ካነሣ በኋላ ሲያወርደው በአየር ላይ ጥምዝ የሚሠራ፥ በማንኛውም የሥርዓት መጽሐፍ ያልተፈቀደ አሰነዛዘር ይዞ፥ መምህሩም የገዛ አባቱ ሆነው ሳለ፥ በ2016 በኮኔቲከት ሜዳ ላይ ፓሩ 70 የሆነውን ዙር በ58 ምት ጨረሰ፤ ፒጂኤ ቱር በሚባለው የአሜሪካ ታላላቅ ተጫዋቾች ውድድር ታሪክ ከዚህ ያነሰ ቁጥር አልተመዘገበም። ምግባሩ ወጣቱን ከቀና መንገድ እንዳያስወጣ ሥዕሉ ከመለማመጃ ሜዳዎች ሁሉ ቢከለከል መልካም ነበር።

እኛ ግን የራሳችን ሰማዕት አለን። በ1999 ካርኑስቲ በተባለው የስኮትላንድ ሜዳ በተደረገው በታላቁ የኦፕን ውድድር፥ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ ወደ መጨረሻው ጉድጓድ የደረሰው ሦስት ምት ቀድሞ ነበር፤ ለድል የሚያስፈልገውም ስድስት ምት ብቻ ነበር። ወራዳ ሰው ቢሆን ኖሮ ኳሱን በትናንሽ ዱላ እያንከባለለ ደርሶ ዋንጫውን ታቅፎ ይተኛ ነበር። እርሱ ግን ድራይቨሩን መዘዘ፤ ቀጥሎም በሌላ ረጅም ዱላ የተመልካቾቹን መቀመጫ ሰገነት መታ፤ በሦስተኛው ባሪ በርን ከሚባለው ወንዝ ገባ፤ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦም በውሃው ውስጥ እንደ ተጠማቂ ቆመ። በሰባት ምት ከጨረሰ በኋላ በተደረገው መለያ ዋንጫውን ፖል ሎሪ ወሰደ። ከስንት ሺህ ተወዳዳሪ መካከል ያደረሰው አሰነዛዘሩ እስከ መጨረሻ ታማኙ ነበር፤ የጐደለችው ማስተዋል ብቻ ናት፤ እርሷ ደግሞ በትምህርቱ መርሐ ግብር ውስጥ የለችም።

ስለ ምን እንደሌለች ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ቀላል ነው። ባንዲራው ከውሃ ዳር ሲተከል ወደ ሣሩ መካከል ማነጣጠር፥ ከዛፍ ሥር የገባውን ኳስ ወደ ጎን አውጥቶ አንድ ምት በትሕትና መክፈል፥ የሣሩን ተዳፋት ማንበብ፥ ከ30 ሜትር ርቀት አንከባልሎ ከጉድጓዱ አጠገብ ማሳረፍ፥ እነዚህ ሁሉ ድምፅ የላቸውም፥ አጨብጫቢ የላቸውም፥ ሻጭም የላቸውም። ከዚህም በላይ ምሕረት የላቸውም፤ አሰነዛዘር ቢበላሽ በመምህሩ፥ በዱላው፥ በወገብ ሕመም ይሳበባል፤ በውሃ ላይ ለማሻገር በቈረጠው ልቡና ግን ማን ይከሰሳል? መቋሚያውን ከማኅሌተኛው ሁሉ አሳምሮ እየወዘወዘ ቀለሙን ያልያዘ ደብተራ በመሪጌታ ፊት ይጋለጣል፤ በመለማመጃው ሜዳ ግን መሪጌታ ስለሌለ የኛ ሰው በሰላም ይወዘውዛል።

ስለዚህ የጨዋታውን ሕግ ለሚደነግጉት አበው ይህን አቤቱታ በትሕትና እናቀርባለን፦ ጉድጓዶቹ ሁሉ ይደፈኑ፤ የተማረውን ሰው ሲያዋርድ የኖረው ኳስም ከጨዋታው ይሰናበት፤ ተወዳዳሪዎቹ በየተራ ወጥተው አየሩን ብቻ እየመቱ በሥዕላቸው ውበት ይዳኙ። ይህ ሕግ እስኪጸድቅ ድረስ ግን ለወንድሞቻችን አንድ ምክር አለን፦ ወገቡ ጐብጦ፥ ኳሱን 150 ሜትር ብቻ በመንገዱ መካከል እየሰደደ፥ በሣሩ ላይ ሁለት ጊዜ ነክቶ የሚከት ሽማግሌ በሜዳው ላይ ቢያጋጥማችሁ፥ አሰነዛዘሩን በርኅራኄ ብትመለከቱለት ጽድቅ ነው፤ በገንዘብ ግን አትጫወቱት።